የግራው ቧንቧ

ጋሽ ገሠሠን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ጆሮውን ቧንቧ ላይ ለጥፎ ነው። ተንበርክኮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በአንድ እጁ ትልቅ የብረት መፍቻ ይዟል። እኔ የእናቴን ምሳ ይዤ መጥቼ በሩ ላይ ቆምኩና "እማዬ የት ሄደች?" አልኩት። ዓይኑን ሳይገልጥ ባዶ እጁን ወደ ላይ አነሳ፤ መዳፉ ተዘርግቷል፣ ጣቶቹ ገጥመዋል። በትምህርት ቤታችን እንደዚያ ሆኖ የተነሳ እጅ ጉንጭ ላይ ሳያርፍ አይወርድም። የምሳውን ቋጠሮ መሬት ላይ ጥዬ ሮጥኩ።

እሱ ዝም በይ ማለቱ ነበር። ቧንቧው ውስጥ ውሃው ሲሄድ እያዳመጠ ነበር። ይህን ለእናቴ ነግሯት፣ እሷ ደግሞ ቤት ስትገባ ለእኔ ነገረችኝ። አላመንኳትም። ውሃ የሚያዳምጥ ሰው ዓይኑን ለምን ይጨፍናል? የሚጨፍነው የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ነው ብዬ ደመደምኩ። ስምንት ዓመት አልፎኝ ወደ ዘጠኝ እየሄድኩ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ አንዴ የያዝኩትን ሐሳብ የሚያስለቅቀኝ ሰው አልነበረም።

ቦታው ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከከተማው በእግር ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ የመንግሥት የችግኝ ጣቢያ ነው። በግቢው መካከል ሁለት ነጮች ሠርተውት የሄዱ ረጅም የመስታወት ቤት ቆሞ ነበር። ደባርቅ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይወርዳል፤ ውጭ ያደረ የባልዲ ውሃ ፊቱ ይጋገርና በድንጋይ ካልተመታ አይቀዳም። በመስታወቱ ቤት ውስጥ ግን ሰው ጋቢውን ያወልቅ ነበር። ጥግ ላይ በጡብ በተሠራች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቦይለር የሚሉት ሆዳም የብረት በርሜል አለ። ከሥሩ ፍልጥ ይነድዳል፤ ከውስጡ ውሃ ይሞቃል፤ የጎደለውን ከላይ የተሰቀለች ትንሽ በርሜል ትሞላለታለች። የሞቀው ውሃ በሁለት ወፍራም ቧንቧዎች፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ በችግኝ መደቦቹ ሥር ዞሮ፣ ቀዝቅዞ ወደ በርሜሉ ይመለሳል።

እናቴ ሸጊቱ እዚያ በቀን ሠራተኛነት ውሃ ታጠጣ ነበር። በቀኝ በኩል ለገበሬ ማኅበራት የሚታደል የጥቅል ጎመንና የሽንኩርት ችግኝ፤ በግራ በኩል ቀይ አበባ። አበባው በጥር ለሚመጡ ትልልቅ እንግዶች ነው ይባል ነበር። የእንግዶቹን ስም ግን ማንም ጠርቶት አያውቅም።

ጋሽ ገሠሠ የተወለደው ከሊማሊሞ ቁልቁል፣ ዛሪማ ነው። አሥመራ ወርዶ አሥራ ሁለት ዓመት የፋብሪካ ቦይለር አንድዷል። አማርኛው የእኛው አማርኛ ሆኖ ሳለ አንዳንድ ቃል ሲናገር ከጉሮሮው ሥር ያወጣው ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። የጎረቤት ሴቶች "ሰውዬው ከወዲያ ነው" ይባባላሉ። ወዲያ የት እንደሆነ አይናገሩም፤ አገጫቸውን ወደ ሰሜን ቀሰር ያደርጋሉ እንጂ።

በሚያዝያ 1975 ዓ.ም. እናቴን አገባና ቤታችን ገባ። አባቴ እኔ ጡት ሳልጥል የሞተ ስለሆነ ሰውዬውን የማወዳድርበት አልነበረኝም። ዝም ብሎ ይበላል፣ ዝም ብሎ እግሩን ይታጠባል፤ ስሜን ጠርቶ "ስጡ፣ ትምህርት እንዴት ነው?" ይለኛል። "ደኅና ነው፤ እርስዎስ?" እለዋለሁ። እናቴ አንተ በይው ብትለኝም እርስዎ ማለቴን አልተውኩም። ለሷ አክብሮት ይመስላት ነበር። እኔ ግን እንዳይቀርበኝ ነበር። አለመማታቱም ይብስ አስጠረጠረኝ።

በተከታዩ መስከረም አስተማሪያችን ስለ አሻጥር አስተማሩን። "አሻጥረኛ ቀንድ የለውም" አሉ፣ በጠመኔ የነጣ እጃቸውን ኮታቸው ላይ እየጠረጉ። "እንደ ማንኛችንም ይበላል፤ ይጠጣል፤ ይስቃል። የሕዝብን ንብረት ሲያበላሽ ግን ሰው የሌለበትን ሰዓት ይመርጣል። እናንተ ልጆች ዓይን አላችሁ።" ያን ቀን ቤት ገብቼ ጋሽ ገሠሠ ሽሮ ሲበላ ተቀምጬ አየሁት።

"ምን ሆነሻል? ፊቴ ላይ ነገር አለ?" አለኝ።

"የለም።"

"ታዲያ እንጀራው ይቀርብሻል፣ እኔን ምን ትበይኛለሽ?" እናቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ በኋላ ምሳ ባደረስኩ ቁጥር እከታተለው ጀመር። በመፍቻው ቧንቧውን ኳ፣ ኳ፣ ኳ ያደርጋል፤ ጆሮውን ያስጠጋል፤ አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ ብሎ ደግሞ ያንኳኳል። አንድ ቀን እንዲሁ ሲያደርግ ከወዲያኛው ጫፍ፣ ማንም ከሌለበት ከአበባዎቹ በኩል፣ ኳ፣ ኳ ብሎ መለሰለት።

"ማነው የመለሰልዎት?"

"አየር ነው።"

"አየር እጅ አለው?"

"ሲታፈን ያወጣል" አለና ሳቀ። መጨረሻው ድረስ ወሰደኝ። ቧንቧው ከፍ ብሎ የሚታጠፍበት ላይ ያለች የጣት ጫፍ የምታህል ብሎን ፈታ አደረገ። ሲስስስ የሚል ድምፅ ወጣ፤ ቀጥሎ ትኩስ ውሃ ተፍ አለ። "አየሽ? ወጣ። አሁን ውሃው ይሄዳል።" እኔ የወጣ ነገር አላየሁም። ያየሁት ሰውዬው ሲያንኳኳ የሚመልስለት እንዳለና፣ ስጠይቀው ነገር እንደቀየረ ብቻ ነበር።

ጣቢያውን የሚመሩት ጓድ ቢራራ ግን ደግ ሰው ነበሩ፤ ማለት ለእኔ። ባገኙኝ ቁጥር ራሴን ደባብሰው ስንተኛ እንደወጣሁ ይጠይቁኛል። ጫማቸው ሁልጊዜ የተወለወለ ነው። አበባዎቹን በየቀኑ መጥተው ይቆጥሩ ነበር፤ ጎመኑ ዘንድ ሲሄዱ አይቼ አላውቅም። ይህንን አሁን ነው የማስታውሰው። ያን ጊዜ አበባ የሚወድ ሰው ክፉ ሊሆን አይችልም የሚል እምነት ነበረኝ።

የታኅሣሥ ገብርኤል ያን ዓመት ሐሙስ ዋለ። ለቦይለሩ ፍልጥ የሚያመጣው አያ ይግዛው የሚባል ባለ አህያ ነው። በእኛ አገር በገብርኤል ምሳር ከዛፍ አይነካም፤ ቅዳሜ ማርያም ናት፤ እሑድ ሰንበት ነው። በመካከል ዓርብ ብቻ ቀረች። ዓርብ ደግሞ የገበሬ ማኅበር አባላት በሙሉ ከተማ ለስብሰባ ተጠርተዋል፤ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይጠየቃል። እንግዲህ ከሐሙስ እስከ ሰኞ አንድ ፍልጥ አይመጣም ማለት ነው። ውርጩ የሚከፋው ደግሞ ልክ በዚያ ሰሞን ነው።

የገብርኤል ለት ማለዳ ጎረቤታችን እማሆይ ወለተ ማርያም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አጥራችን ላይ ቆሙ።

"ገሠሠ፣ በዓሉንም ያ ጭስህ ሊወጣ ነው?"

"ይወጣል እማሆይ። ችግኝ በዓል አያከብርም።"

"ውርጩ ያከብራል። በመልአኩ ቀን እሳት የማገደ ሰው ውርጭ ጠርቶ ላገር ሁሉ ያተርፋል። ያባቶች ቃል ነው።"

"የእርስዎም ጓዳ ሲጨስ ያየሁ መሰለኝ።"

"የኔ የዝክር ነው። ገብርኤል ይለየዋል።"

"እንግዲያው የኔንም ይለይልኝ" አለና ኮቱን ለብሶ ሄደ። እማሆይ ትከሻቸውን ነቅንቀው ወደ እናቴ ዞሩ። "አፉ መልካም ነው፣ ሸጊቱ። አፉ መልካም የሆነ ሰው ያስፈራኛል።"

ያን ዕለት ከራት በኋላ መደብ ላይ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኝቻለሁ። ያልተኛሁ መሆኔን አላወቁም። ኩራዙ አጠገብ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነጋገራሉ፤ ቁርጥራጩ ነው የሚደርሰኝ።

"ሁለቱንም ማትረፍ አይቻልም" አለ እሱ።

"ለቢራራ ንገረዋ።"

"ከነገርኩት እሱ የሚለውን ማድረግ ግድ ይሆንብኛል።"

"ካወቁ ይወስዱሃል፣ ገሠሠ። አሻጥር ነው ይሉሃል።"

"አንቺ አልሰማሽም። ማን ቢጠይቅሽ አልሰማሽም።"

ኩራዙ እፍ ተባለ። እኔ በጨለማው ውስጥ ዓይኔን ከፍቼ አስተማሪያችን ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወስኩ። ሰው የሌለበት ሰዓት። የሕዝብ ንብረት። አሁን ደግሞ ቃሉን የገዛ እናቴ አፍ አውጥቶታል።

በማግሥቱ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ ገሠሠ ጓሯችን ውስጥ ነበር። እናቴ ለክረምት ብላ ያከማቸችውን ኩበት በጆንያ ይሞላል። ከማጀት የነበረውን እንጨት በጠፍር አስሯል። እናቴ አጠገቡ ቆማ ጆንያውን ትይዝለታለች። ጆንያውን በጀርባው፣ እንጨቱን በትከሻው አድርጎ ወጣ። የሰው ቤት ገብቶ የማገዶ እንጨት የሚዘርፍ የእንጀራ አባት ሰምቼ አላውቅም። በሩቁ ተከተልኩት።

ፀሐይ ጠልቃ ተራራው ጫፍ ላይ ብቻ ቀርታለች። ግቢው ጭር ብሏል፤ ሠራተኛው ሁሉ ወደየቤቱ ገብቷል። ዘበኛው አያ ክንዴ በር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል፤ "ለጋሼ መልእክት ይዤ ነው" ብዬ አለፍኩ። በላብ በጨለመው መስታወት በኩል አጮልቄ አየሁ። ጋሽ ገሠሠ በግራው ቧንቧ መነሻ ላይ ተንበርክኳል። እዚያ ላይ እንደ መኪና መሪ ክብ የሆነ ትንሽ የብረት መዝጊያ አለ። በመፍቻው ይዞ አዞረው፤ ጥርሱን ነክሶ እንደገና አዞረው፤ እንቢ እስኪል አጠበቀው። ከዚያ ክቡን ብረት ከነብሎኑ ፈትቶ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። መዳፉን ቧንቧው ላይ አሳርፎ ጠበቀ። ብዙ ጠበቀ። እንደ ታማሚ ግንባር ነበር የነካው።

ሲነሳ አየኝ። የፈራ ሰው ፊት ነበረው፤ እኔም ያን ፊት የምፈልገው ማስረጃ አድርጌ ያዝኩት።

"ስጡ፣ ብርድ ነው፤ ወደ ቤት ግቢ" አለኝ።

"ምን እያደረጉ ነው?"

"ሥራ ነው።" ኪሱን በእጁ ያዘ። "ሥራ ነው፣ የኔ ልጅ።" የኔ ልጅ ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር።

ያን ሌሊት ውርጭ ወረደ። በማርያም ጠዋት የባቄላ ማሳው ሁሉ ጠቁሯል። በመስታወቱ ቤት በግራ በኩል ቀይ አበባው እንደተቀቀለ ጎመን አንገቱን ደፍቶ መደቡ ላይ ተዘርሯል። በቀኝ በኩል ችግኙ ቆሟል። ቧንቧው ሞቅ ያለ ነው፤ በእጄ ነካሁት። እማሆይ ወለተ ማርያም ከቅዳሴ ሲወጡ ላገኙት ሁሉ "ነግሬው ነበር፤ በገብርኤል አጨሰ፣ ለማርያም ውርጩን አመጣው" ይሉ ነበር። ጓድ ቢራራ አበባዎቹ መካከል ቆመው የተወለወለ ጫማቸውን አዩ።

ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ አለማያ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ መምህር የችግኝ ቤት በሙቅ ውሃ ስለማሞቅ ሲያስተምሩ ሰሌዳው ላይ በርሜል ሣሉ፤ ከበርሜሉ ሁለት መስመር አወጡ። የሞቀ ውሃ ይቀልላል፣ ይወጣል፤ የቀዘቀዘው ይከብዳል፣ ይመለሳል፤ ሞተር አያስፈልገውም አሉ። ቧንቧው ከፍ ባለበት ላይ አየር ከታቆረ ግን ውሃው ይቆማል። ጥሩ ሠራተኛ አየሩ የት እንዳለ ለማወቅ ቧንቧውን ይመታል፤ ውሃ የሞላው ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ አየር ያለበት እንደ ባዶ ጋን ይጮኻል። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ ማገዶ ቢያጥርስ ብሎ ጠየቀ። "አንዱን መስመር ትዘጋለህ፤ ሙቀቱ ለሌላው ይበቃል። ሁለቱንም ለማሞቅ ከሞከርክ ሁለቱንም ታጣለህ" አሉት። "የትኛውን ነው የምዘጋው?" "ሰው የማይበላውን።" ክፍሉ ሳቀ። እኔ ስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

ከዚያ ውርጭ በኋላ ሰኞ ምሳ ይዤ ስሄድ አያ ክንዴ በር ላይ ጠብቆ "ጓድ ቢራራ ይፈልጉሻል" አለኝ። ቢሯቸው ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር። ወንበር ሰጡኝ፤ እግሬ መሬት አይደርስም። ከመሳቢያቸው አንድ እሽግ ብስኩት አውጥተው ወረቀቱን ቀደዱና በፊቴ አስቀመጡት።

"ብዪ እንጂ።"

"ወተት አለበት?"

"ምኑ?"

"ብስኩቱ። ጾም ነው።"

ሳቁ። "የለበትም። ዱቄትና ስኳር ነው። ብዪ፣ ጎበዝ ተማሪ ነሽ ይሉሻል።"

አንዱን በላሁ። አፌ ውስጥ ሟሟ። እሳቸው ወረቀትና እርሳስ ሳቡ።

"ዓርብ ማታ እዚህ መጥተሽ ነበር አሉ። ምን አየሽ?"

የዘጋውን ነገርኳቸው። ክቡን ብረት ኪሱ መክተቱን ነገርኳቸው። ከቤታችን ማገዶ ወሰደ አልኳቸው። ሳይጠይቁኝ ስለ ማንኳኳቱም ነገርኳቸው፤ እርሳሳቸው ቆመ።

"ሲያንኳኳ የሚመልስለት ነበር?"

"አዎ።"

"በምን ዓይነት? እንደ ምልክት?"

"ኳ፣ ኳ ብሎ።" ጠረጴዛቸው ላይ በጣቴ አሳየኋቸው። ጻፉ።

"እናትሽስ ይህን ታውቃለች?"

"አታውቅም" አልኩ። ያን ቀን የዋሸሁት ይህችን ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ እውነት ነበር።

ራሴን ደባብሰው የቀረውን ብስኩት በእጄ ሰጡኝ። መንገድ ላይ ወጥቼ ወረቀቱን ገልብጬ ሳየው ጀርባው ላይ ላም ተሥላለች። ወገቧ ነጠብጣብ ያለበት፣ ጡቷ የሞላ ላም። ብስኩቱን ከድንጋይ ካብ ሥር ቀበርኩትና አፌን በምራቅ እየታጠብኩ ቤት ገባሁ። ያን ምሽት እህል አልቀምስ አልኩ። እናቴ ግንባሬን ዳሰሰች። ጋሽ ገሠሠ ጋቢውን አውልቆ ደረበልኝ። ስለ ጾሙ ያወቁብኝ መስሎኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋ ከራሷ ወርዷል። እማሆይ ወለተ ማርያም አጠገቧ ናቸው። በላንድሮቨር መጥተው ወሰዱት አሉኝ። እናቴ እኔን አላየችም፤ የምታየው መንገዱን ነበር። እኔም በልቤ፣ የተማርኩት ትክክል ነበር አልኩ። ደስ ግን አላለኝም። ለምን ደስ እንዳላለኝ ስፈልግ ብስኩቱ ነው አልኩ።

በገና ማግሥት የንስሐ አባታችን አባ ሀብተ ሚካኤል ቤታችን መጡ። እናቴ ወጣ ስትልልኝ ጾም መሻሬን በጆሯቸው ነገርኳቸው። "ምን ቀመስሽ?" አሉኝ። ብስኩት አልኩ። ከማን እንደሆነ አልጠየቁኝም። አሥራ ሁለት ስግደት ሰጡኝ። የዚያኑ ቀን ጨረስኩት።

አያ ክንዴን ባለፈው ዓመት ለጥናት ደባርቅ በወጣሁ ጊዜ አገኘሁት። ዓይኑ ፈዟል፤ በድምፄ ለየኝ። ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ። ገሠሠ ከኅዳር ጀምሮ ሦስት ጊዜ፣ በዓላቱ ሳይደርሱ ፍልጥ እናስገባ ብሎ ጠይቆ ነበር። የጣቢያው ትራክተር ግን በዚያ ሰሞን ከተማ ውስጥ ለስብሰባው መድረክ ጣውላ ያመላልስ ነበር። ሊወስዱት በመጡ ዕለት አያ ክንዴ የቢሮው በር ላይ ቆሞ ሰምቷል።

"ቢራራ ገሠሠን፣ የገዛ ቤትህ ልጅ መስክራብሃለች አለው" አለኝ። "ገሠሠ ምን አለች ብሎ ጠየቀ። ወረቀቱን አነበቡለት። ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች፣ ዋሽታ ነው ይላል ብዬ እኔ ጠበቅኩ። እንዲያ ቢል ይሻለው ነበር፤ ምስክር ሌላ አልነበራቸውም።"

"ምን አለ?"

"ልጅቱ አትዋሽም አለ። የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ብረቱም ይኸው አለና ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ብቻዬን ነበርኩ፣ ከቤቴ የሚያውቅ የለም አለ። ማነው በቧንቧ የሚመልስልህ ሲሉት አየር ነው አላቸው። ሳቁበት።" አያ ክንዴ ጺሙን አሻሸ። "መኪናው ላይ ሲያወጡት ወደ እኔ ዞሮ፣ ክንዴ፣ ከላይ የተሰቀለችው በርሜል ውሃዋ እንዳይጎድል፤ እሳት ከማንደድህ በፊት እሷን እይ አለኝ። ሌላ ያለው የለም።"

አያ ክንዴ ሳምንት ያህል እንደተባለው አደረገ። ከዚያ ከጎንደር ሌላ ሰው ተላከ። ችግኙ በጥር መጀመሪያ ለገበሬ ማኅበራት ታደለ፤ እንግዶቹ አልመጡም። በጥር መጨረሻ አዲሱ ሰው የላይኛዋን በርሜል ሳያይ እሳት አቀጣጥሎ ቦይለሩ ተሰነጠቀ። የመስታወቱ ቤት ቀዘቀዘ፤ እናቴም ከሥራ ተሰናበተች። በሚያዝያ ደባርቅ ገበያ ላይ ጥቅል ጎመን በየመደቡ ተከምሮ ነበር።

እናቴ በየወሩ ጎንደር እስር ቤት እየወረደች ለጋሽ ገሠሠ ስንቅ ታቀብል ነበር። ማን እንደተናገረ አንድ ቀንም ጠይቃኝ አታውቅም። በሰኔም እንደወትሮው በሶና ቆሎ አዘጋጅታ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ስንቁን እንደያዘች ተመለሰች። ስሙ ከእስረኞቹ ዝርዝር ውስጥ የለም፣ ከእንግዲህ አታምጪ ብለዋት ነበር። በሶውን ጓዳ አስገባችው። ቆሎውን እኔ ትምህርት ቤት እየወሰድኩ በላሁት።